ከበረዶ በታች ስላለው ባሕርና ስለ ሕይወት ምስክር፤ በዳሎል ላይ የወጡ ሁለት ጥናቶች ሲመዘኑ

መግቢያ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ፈረስ ቤት ሄጄ ሳለሁ፥ አንድ ምሽት እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ስለ ጠፈር ምርምር ወሬ ተነሣ። እኔም ከትምህርት ቤት ያገኘሁትን ለማካፈል ስል፥ ጁፒተር የተባለውን ፈለክ ከሚዞሩት ጨረቃዎች አንዲቱ ዩሮፓ እንደምትባል፥ ፊቷ በሙሉ በረዶ እንደ ሆነ፥ ከበረዶውም በታች ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ የሚበልጥ ውሃ ሳይኖራት እንደማይቀር፥ በዚያም ውሃ ውስጥ ሕይወት ሊኖር እንደሚችል ተናገርሁ። ከጎረቤት መጥተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጸጥ ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፥ «የኔ ልጅ፥ ያን ውሃ የቀመሰው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አባባ፥ የቀመሰውስ የለም፤ ከሩቅ ተለክቶ ነው» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም «እንግዲያማ ውሃ አለ በል፤ ነፍስ አለበት ለማለት ግን አትቸኩል» አሉኝ።

ይህ አጭር ጥያቄ ከእኔ ረዥም ንግግር ይልቅ ወደ ሳይንስ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። ስለ በረዷማ ጨረቃዎች በሰፊው የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ በሦስት ዓረፍተ ነገሮች የሚጠቃለል ነው። ይኸውም፥ ውሃ አለ፤ ውሃ ባለበት ሕይወት አለ፤ ስለዚህ በዚያ ሕይወት አለ የሚል ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በጥሩ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው ግን ገና በፈተና ላይ ያለ ሲሆን፥ ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዱና ዋነኛው በራሳችን አገር በአፋር ምድር የሚገኘው ዳሎል ነው። በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዳሎል ሁለት ጥናቶች በጥቂት ወራት ልዩነት ታትመው፥ አንዱ የሕይወት ምልክት አገኘሁ ሲል ሁለተኛው በዚያ ሕይወት የለም ብሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥናቶች መዝኖ፥ ስለ በረዷማ ጨረቃዎች ስንናገር ምን ያህል ለመናገር እንደሚፈቀድልን ማመልከት ነው።

ስለ ውሃው ያለው ማስረጃ

አስቀድሜ ስለ ሁለት ቃላት ላስረዳ። በእኛ በደጋ ዳሞት በረዶ ሲባል ሰው የሚያስበው በክረምት ወርዶ ገብሱን የሚመታውን ነው፤ በሌሊት ቅዝቃዜ የሚመጣውም ውርጭ ይባላል። ዓመት እስከ ዓመት ሳይቀልጥ አገር ምድሩን ሸፍኖ የሚኖር በረዶ ግን አናውቅም። ስለዚህ እዚህ ላይ በረዶ ስል እንደ ዐለት የጠነከረ፥ ውፍረቱም በኪሎ ሜትር የሚቈጠር ቅርፊት ማለቴ ነው። ጨረቃ ስልም የእኛይቱን ብቻ ሳይሆን ሌሎችን ፈለኮች የሚዞሩትንም ማለቴ እንደ ሆነ አንባቢ ይረዳልኝ።

ዩሮፓን በ1610 በመነጽር ያያት ጋሊሌዎ ነው። የወገቧ ስፋት 3,120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከእኛ ጨረቃ ጥቂት ታንሳለች። ከፀሐይ እጅግ የራቀች ሆና ሳለ ውሃዋ እስከ ታች ድረስ ያልረጋበት ምክንያት ከጁፒተር ስበት የተነሣ ነው። አዮ የምትባለው ጨረቃ 4 ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ 2 ጊዜ፥ ጋኒሜድ ደግሞ 1 ጊዜ ይዞራሉ። በዚህ የተስተካከለ ዙር እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ የዩሮፓ መንገድ ፍጹም ክብ ሊሆን አይችልም፤ ወደ ጁፒተር አንድ ጊዜ ትቀርባለች፥ አንድ ጊዜ ትርቃለች። ስትቀርብ ትለጠጣለች፥ ስትርቅ ትመለሳለች፤ ሰው በብርድ ጊዜ እጁን ሲያሽ እንደሚሞቅ ሁሉ የጨረቃይቱም ውስጥ በዚህ መታሸት ይሞቃል። በረዶው በላይ ሆኖ ውሃውን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል።

ውሃው መኖሩ የታወቀው በቁፋሮ አይደለም። ከ1995 እስከ 2003 ጁፒተርን ሲዞር የነበረው ጋሊሌዎ የተባለው መንኰራኵር በዩሮፓ አጠገብ ሲያልፍ፥ የጁፒተር የማግኔት ኃይል አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥር በዩሮፓ ዙሪያ የሚታየውም የማግኔት ኃይል አብሮ እንደሚለዋወጥ ለካ። ይህ ሊሆን የሚችለው ከበረዶው በታች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሲኖር ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማውም ጨዋማ ውሃ ነው። የበረዶውን ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር፥ የባሕሩን ጥልቀት ደግሞ ከ60 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይገምቱታል። እነዚህ ግምቶች እንጂ ልኮች አይደሉም።

ሳተርንን የምትዞረው ኤንሴላደስ ግን ሌላ ዓይነት ማስረጃ ሰጥታለች። ወገቧ 504 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ትንሽ ጨረቃ ስትሆን፥ ካሲኒ የተባለው መንኰራኵር በ2005 ከደቡብ ዋልታዋ ስንጥቆች እንፋሎትና የበረዶ ብናኝ ወደ ጠፈር ሲፈናጠር አገኘ። በምዕራብ ጎጃም በሰከላ የሚገኘውን ግሽ ዓባይን ያየ ሰው የዚህን ትርጕም በቀላሉ ይረዳል። ምንጩን አይቶ ከመሬት በታች ውሃ አለ ለማለት መሬቱን መቈፈር አያስፈልገውም፤ የወጣው ስላልወጣው ይናገራልና። ካሲኒም በዚያ ፍንጥቅ ውስጥ እየገባ አለፈ፤ በጥቅምት 2015 ከጨረቃይቱ ፊት 49 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ነበር። ካሲኒ ከሰበሰበው መረጃ በ2017 ሃይድሮጅን፥ በ2023 ደግሞ ፎስፌት መኖሩ ታትሞ ወጣ። እንግዲህ ለሽማግሌው የሰጠሁት መልስ ግማሽ ስሕተት ነበረበት። የዩሮፓን ውሃ የቀመሰው የለም፤ ከእርሷም ፍንጥቅ ታየ የሚሉ ዘገባዎች እስካሁን አልጸኑም። የኤንሴላደስ ውሃ ግን በመሣሪያ ተቀምሷል።

ውሃ ብቻውን ይበቃልን?

ሕይወት እንደምናውቃት ሦስት ነገሮች ትሻለች፤ ፈሳሽ ውሃ፥ ሰውነት የሚሠራበት ንጥረ ነገር፥ እንዲሁም የኃይል ምንጭ። በምድር ላይ የኃይል ምንጩ ከሞላ ጐደል ፀሐይ ስለ ሆነች፥ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ብዙ ሕይወት አይጠበቅም ነበር። በ1977 አልቪን በተባለችው ጠላቂ መርከብ የወረዱ ተመራማሪዎች በጋላፓጎስ አጠገብ 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፥ ከባሕር ወለል በሚፈልቅ ሞቃት ውሃ ዙሪያ የተሰበሰቡ ብዙ እንስሳት ባገኙ ጊዜ ይህ አሳብ ተለወጠ። በዚያ የምግቡ መጀመሪያ ከምድር ውስጥ የሚወጣውን ኬሚካል ወደ ኃይል የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ በረዷማ ጨረቃዎች የሚጻፈው ሁሉ ይህን ግኝት ሳይጠቅስ አያልፍም።

ነገር ግን ይህ ምሳሌ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። እነዚያ እንስሳት የሚተነፍሱት ኦክሲጅን፥ ባክቴሪያዎቻቸውም ድኝ ያለበትን ጋዝ ለማቃጠል የሚጠቀሙበት ኦክሲጅን፥ ከላይ በፀሐይ ብርሃን የተሠራ ነው። ስለዚህ ያ ማኅበር ከፀሐይ ፈጽሞ ነፃ ነው ማለት ትክክል አይደለም። ከፀሐይ ነፃ ለመሆን የሚቀርቡት ሃይድሮጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋሕደው ሜቴን በማውጣት የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። በኤንሴላደስ ፍንጥቅ ውስጥ ሃይድሮጅን መገኘቱ ትልቅ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእነዚህ ዓይነቶቹ ምግብ የሚሆን ነገር አለ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ምግብ ተቀምጦ መገኘቱ በላተኛ መኖሩን አያስረዳም። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው፥ ተመጋቢ ቢኖርማ ኖሮ ሃይድሮጅኑ ይህን ያህል ተርፎ ባልተገኘ ነበር ብሎ ሊከራከር ይችላል። አንዱ ማስረጃ ለሁለት ወገን ክርክር የሚያገለግል ከሆነ፥ ገና ፍርድ የሚሰጥበት አይደለም።

ሁለቱ የዳሎል ጥናቶች

የዳሎል ስም ለጎጃም ሰው እንግዳ ይመስለው ይሆናል፤ የዚያ አገር ጨው ግን እንግዳ አይደለም። ከዳናኪል ሜዳ እየተቈረጠ በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው ደጋውን አቋርጦ ጎጃም ገበያ ድረስ ይመጣ፥ ለመብል ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችንም ሥጋውንና ቆዳውን በጨው ሲያሹ፥ ጨው ሲበዛ መበስበስን እንደሚከለክል በሥራ ያውቁ ነበር። ይህን በዛሬ ቋንቋ ብንተረጕመው፥ ውሃ እያለ እንኳ ጨው ከጥቃቅን ሕያዋን ውሃውን ይነጥቃቸዋል ማለት ነው። እንግዲህ ዳሎል ላይ የተነሣው ጥያቄ ይኸው የጓዳ ዕውቀት እስከ የት ይሄዳል የሚል ነው።

ስፍራው ከባሕር ጠለል በታች ባለው የዳናኪል ረባዳ ምድር ይገኛል። ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ ሙቀት ውሃውን በጨው ንጣፍ ውስጥ እያፈላ ያወጣዋል። የአንዳንዱ ምንጭ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የአሲድነቱ ልክ በፒ ኤች ሲነገር ወደ 0 ይጠጋል፥ ከ0ም በታች ይወርዳል፤ ንጹሕ ውሃ 7፥ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ 2 ያህል መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ቢጫው፥ አረንጓዴውና ቀዩ ቀለም ብዙው ከብረትና ከድኝ የመጣ ነው። ሙቀት፥ አሲድና ጨው ሦስቱም በአንድነት እንዲህ የበረቱበት ስፍራ በምድር ላይ ብዙ የለም።

የመጀመሪያው ጥናት በማድሪድ የአስትሮባዮሎጂ ማእከል በሚሠሩት በፌሊፔ ጎሜዝ መሪነት ተሠርቶ በግንቦት 2019 «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ናሙናው የተወሰደው በጥር 2017 ሲሆን፥ ከተለኩት ውሃዎች አንዱ 89 ዲግሪ ሙቀትና 0.25 ፒ ኤች ነበረው። ጸሐፊዎቹ በማዕድኑ ንጣፍ ውስጥ የተቀበሩ እጅግ ጥቃቅን ክብ ነገሮችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው፥ ከናሙናውም ናኖሃሎአርኬያ ለሚባሉ ጨው ወዳድ ሕያዋን የቀረበ የዘር ምልክት (ዲ ኤን ኤ) አግኝተው፥ ሕይወት በዚህ ስፍራ አለ ወደ ማለት ደረሱ።

ሁለተኛው ጥናት በፈረንሳይ በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ቡድን ተሠርቶ፥ ዦዲ ቤሊላ ቀዳሚ ጸሐፊ ሆና በጥቅምት 2019 «ኔቸር ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን» በተባለው መጽሔት ታተመ። ይህ ቡድን ከ2016 እስከ 2018 በተደረጉ ጉዞዎች ብዙ ናሙና ሰብስቦ በአራት መንገድ መረመረው፤ ዲ ኤን ኤውን አነበበ፥ ሕያዋኑን ለማራባት ሞከረ፥ ሕዋሳትን በሚቈጥር መሣሪያ ፈለገ፥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየውንም ነገር ከምን እንደ ተሠራ በኬሚካል ልኬት አጣራ። ከዳሎል ጉብታ ውጭ ባሉት የጨው ሸለቆ ኩሬዎችና በአሳሌ ሐይቅ እጅግ ብዙ ዓይነት አርኬያ አገኘ፤ እነዚህም ከባክቴሪያ የተለየ ወገን የሆኑ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። በጉብታው ላይ ባሉት አሲዳማ ኩሬዎች፥ በጥቁሩና በቢጫው ሐይቅ ግን የሚኖር ነገር አላገኘም። ለዚህም ሁለት ምክንያት ሰጠ። አንደኛው የበረታ አሲድና የበረታ ጨው አንድ ላይ መገናኘታቸው ነው። ሁለተኛው የጨው ዓይነት ነው። ጥቁሩና ቢጫው ሐይቅ እንደ ተራው ገበታ ጨው ሶዲየም የበዛባቸው ሳይሆኑ ማግኒዥየምና ካልሲየም የበዛባቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ጨው ሕያዋን የተሠሩበትን ረቂቅ አካል ይፈታዋል፥ ውሃውንም ይነፍገዋል። እንግዲህ ፈሳሽ ውሃ በፀሐይ ፊት ተዘርግቶ፥ በዙሪያውም ሕይወት ሞልቶ ሳለ፥ በራሱ በውሃው ውስጥ ሕይወት ላይኖር ይችላል ማለት ነው።

ሁለቱን መመዘን

የመጀመሪያው ጥናት ብርታቱ ሌሎች ሊደፍሩት ያልቻሉትን ስፍራ ቀርቦ መመርመሩ ነው። ድካሙ ግን ከሁለት ምልክት፥ ማለት ከቅርጽና ከዲ ኤን ኤ፥ ወደ «ይኖራል» መዝለሉ ነው። ቅርጽን በተመለከተ፥ ሁለተኛው ቡድን በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ሲሊካ የበዛባቸው የማዕድን እንክብሎች ሕዋስ መስለው እንደሚፈጠሩ አሳይቷል። ክብና ጥቃቅን መሆን ብቻውን የሕይወት ምስክር አይሆንም። ዲ ኤን ኤውንም በተመለከተ፥ በዙሪያው ባለው ጨው ሜዳ እነዚያው ወገኖች በብዛት የሚኖሩ ስለ ሆነ፥ ነፋስ፥ አቧራና የጎብኚ ጫማ ወደ ኩሬው ሊያመጣቸው ይችላል። በማዕድን ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ ነገር በዚያ ኖሮ እንደ ሞተ ወይም ሞቶ እንደ መጣ መቃብሩ ብቻውን አይናገርም።

ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ያሳመነኝ መልሱ «የለም» ስለ ሆነ አይደለም። ያሳመነኝ በዚያው መሣሪያና በዚያው እጅ ጎረቤት ኩሬ ውስጥ ሕይወትን ስላገኘ ነው። መሣሪያው ያለውን እንደሚያይ ከተረጋገጠ በኋላ ነው «አላየሁም» ያለው። ሆኖም ለእርሱም ገደብ ሊደረግለት ይገባል። አላገኘሁም ማለትና የለም ማለት አንድ አይደሉም፤ የመሣሪያው ዓይን ከሚደርስበት በታች ጥቂት ሕዋሳት ቢኖሩ አይታዩም። ከዚህም በላይ የዳሎል ምንጮች አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየፈለቀ ስፍራ የሚለዋውጡ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ቀን አንድ ኩሬ ውስጥ እጃቸውን እንደ ከተቱ አድርጎ መናገር አይቻልም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የሕይወት አለ ባዮች ክርክር አልተረጋገጠም፤ የሕይወት የለም ባዮች ክርክር በመረመሯቸው ኩሬዎች ላይ ጠንካራ ነው፥ ከዚያ አልፎ ለዳሎል ሁሉና ለዘመን ሁሉ ግን አይሠራም።

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ለዚህ ክርክር ከዚህ የተሻለ ደንብ አላገኘሁም። የመጀመሪያው ግማሽ ስለ ጽሑፉ ቃል፥ ሁለተኛው ግማሽ ስለ ናሙናው አያያዝ የተባለ ይመስላል። የአያያዝን ነገር ለማስረዳት ከአንታርክቲካ ሁለት ምሳሌ ልጨምር። በየካቲት 2012 የሩስያ ሰዎች 3,769 ሜትር በረዶ ቈፍረው ቮስቶክ ከተባለው ከበረዶ በታች ካለ ሐይቅ ደረሱ። ነገር ግን ጉድጓዱ እንዳይረጋ በኬሮሲን የተሞላ ስለ ነበረ፥ በኋላ አዲስ ባክቴሪያ ተገኘ ሲባል ከሐይቁ ነው ወይስ ከመቈፈሪያው ፈሳሽ የሚል ክርክር ተከተለ። በጥር 2013 ደግሞ የአሜሪካ ሰዎች ወደ ዊላንስ ሐይቅ 800 ሜትር ያህል በረዶን በተጣራና ጀርሙ በተገደለ ሙቅ ውሃ በስተው ወረዱ። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውሃ 130,000 ያህል ሕዋሳት ማግኘታቸውን በ2014 ሲያሳትሙ ተቀባይነት አገኙ። ሁለቱም ከበረዶ በታች ያሉ ሐይቆች ናቸው፤ ልዩነቱ አያያዙ ነው። ደግሞም የዊላንስ ውጤት ጨለማና ብርድ ብቻቸውን ሕይወትን እንደማይከለክሉ ስላሳየ፥ ከዳሎል ጎን መቀመጥ ይገባዋል።

ወደ ጨረቃዎቹ መመለስ

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዳሎል የዩሮፓ ወይም የኤንሴላደስ አምሳያ አይደለም። ዳሎል ሞቃትና አሲዳማ ነው፤ የኤንሴላደስ ባሕር ግን በተገኘው መረጃ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ፥ ጨውነቱም ከምድር ባሕር የማይበልጥ ነው። ስለዚህ በዳሎል ሕይወት ስለ ታጣ በኤንሴላደስም ትታጣለች ማለት አይቻልም። ዳሎል የሚፈትነው ጨረቃዎቹን ሳይሆን የእኛን የማስረጃ አያያዝ ነው። ከዚህም ሦስት ትምህርት ይገኛል።

አንደኛ፥ ውሃ አለን ብለን ከጠየቅን በኋላ ምን ዓይነት ጨው አለበት ብለን መጠየቅ አለብን። በ2019 በሃብል ቴሌስኮፕ የዩሮፓን ፊት የመረመሩ ሰዎች ተራውን የሶዲየም ጨው ምልክት አይተዋል። ከዳሎል ትምህርት አንጻር ይህ ከብዙ ጋዜጣዊ ወሬ የሚበልጥ ዜና ነው። ሁለተኛ፥ ወደፊት ከዚያ የሚመጣ ሥዕል ክብ ክብ ነገር ቢያሳይ ለመደሰት አንቸኩል፤ ከዳሎል ኩሬዎች የወጡት እንክብሎችም በሥዕል ሕዋስ ይመስሉ ነበርና። ሦስተኛ፥ መርማሪው ራሱ ሕይወትን ይዞ እንዳይሄድ መጠበቅ አለበት። ጋሊሌዎ መንኰራኵር በ2003 ወደ ጁፒተር፥ ካሲኒም በ2017 ወደ ሳተርን ሆን ተብለው ተጥለው እንዲቃጠሉ የተደረጉት፥ አንድ ቀን በእነዚህ ጨረቃዎች ላይ ወድቀው የምድርን ባክቴሪያ እንዳያደርሱ ነው። ምርመራን እንዳያበላሹ ተብሎ ውድ መሣሪያዎች መሠዋታቸው የአያያዝን ክብደት ያሳያል።

ዛሬም በመንገድ ላይ ያሉ አሉ። የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት ጁስ የተባለው መንኰራኵር በሚያዝያ 2023 ተነሥቷል፤ በ2031 ጁፒተር እንዲደርስ ታቅዷል። የአሜሪካኑ ዩሮፓ ክሊፐር በጥቅምት 14 ቀን 2024 ተነሥቶ በሚያዝያ 2030 እንዲደርስና ዩሮፓን 49 ጊዜ ያህል በቅርብ እንዲያልፋት የታቀደ ነው። ይህ ጉዞ ሕይወትን የሚፈልግ ሳይሆን ስፍራው ለሕይወት የሚመች መሆኑን የሚመረምር እንደ ሆነ ላኪዎቹ ራሳቸው በግልጽ ተናግረዋል። ወሬውን የሚያቀብለው ሰው ግን ይህን ልዩነት በመንገድ ይጥለዋል። በተለይ በአማርኛ አደጋው ብዙ ነው። «ይኖራል» የሚለው ቃል «በዚያ ይኖራል» ሲባል ነዋሪነትን፥ «ሳይኖር አይቀርም» ለማለት ሲነገር ደግሞ ግምትን ያመለክታል። «ሕይወት ሊኖር ይችላል»፥ «ሕይወት ይኖር ይሆናል»፥ «ሕይወት አለ» የሚሉት ሦስቱ በክብደት የተለያዩ ናቸው። ተርጓሚ ሦስቱን ቢያደባልቅ የአሥር ዓመት ምርምር በአንድ ቃል ይበላሻል። ሕይወት የሚለውም ቃል ያሳስታል፤ ሳይንቲስቱ በዓይን የማይታይ ነገር ሲያስብ አድማጩ ዓሣ ያስባል።

መደምደሚያ

በበኩሌ የሽማግሌውን ጥያቄ ትክክለኛነት ብቀበልም አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ውሃው ሳይቀመስ ነፍስ አለበት ማለት የማይገባ ከሆነ፥ ሳይቀመስ የለበትም ማለትም አይገባም። «የለም»ም እንደ «አለ» ሁሉ ምስክር ይፈልጋል። ሰዎች መሣሪያ ሠርተው ወደዚያ የሚሄዱት ሊሆን ይችላል በሚለው በመካከለኛው ቃል ተመርተው ነው። ያን ቃል በችኰላ ወደ «አለ» የሚለውጥ ሰው ምርምሩን ያለ ጊዜው ይዘጋዋል፤ ወደ «የለም» የሚለውጠውም እንዲሁ ይዘጋዋል።

ለአገራችን ተማሪዎችም የሚተርፍ ሥራ አለ። የሁለቱም የዳሎል ጥናቶች መሪዎች የሚሠሩት በውጭ አገር ነው፤ ናሙና የሚወስዱትም በአጭር ጉዞ ነው። በክርክሩ ያልተፈታው ክፍል፥ ማለት ኩሬዎቹ ሲፈልቁና ሲደርቁ በውስጣቸው ምን እንደሚለወጥ፥ በየወሩ እየተመላለሰ የሚያይ ሰው ይጠይቃል። ይህም ለቀረበ ሰው የሚቀል ነው። ደግሞም ጥቂት ኩሬዎች የጎብኚ እግር ሳይደርስባቸው እንዲጠበቁ ማድረግ፥ ኋላ ለሚመጣ መርማሪ ንጹሕ ምስክር ማቈየት ነው።

በሚቀጥለው ዕረፍት ፈረስ ቤት ስመለስ ለሽማግሌው የምነግራቸው ነገር ከበፊቱ ያነሰ፥ ነገር ግን የጸና ይሆናል። ከዩሮፓ በረዶ በታች ባሕር እንዳለ የሚያስረዳ ጠንካራ ምልክት አለ፤ የኤንሴላደስን ውሃ መሣሪያ ቀምሶ ለሕይወት የሚረዳ ነገር አግኝቶበታል፤ ነፍስ እንዳለበት ግን እስከ ዛሬ የመሰከረ የለም። አሞሌው ከመጣበት ከራሳችን የጨው ሜዳ፥ እጅ በሚደርስበት ኩሬ ላይ እንኳ ሊቃውንት ተለያይተዋል ብዬ ስነግራቸው፥ ስለ ሩቁ ውሃ ለምን እንደምጠነቀቅ ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተሳሳትሁት ነገር ቢኖር የሚያውቅ አንባቢ እንዲያርመኝ በትሕትና እለምናለሁ።